አሥራ ስምንቱ ምልክቶችና አንድ የኔቬ ዮሴፍ ልጅ

ቅጹ ሁለት ቦታ ይሞላል፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ ትምህርት ቤት። ኔቬ ዮሴፍ ውስጥ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አለ እንበል። ኔቬ ዮሴፍ በሃይፋ ምሥራቅ፣ በቀርሜሎስ ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ከመጡት ጋር ጎረቤት ሆነው ይኖሩበታል። የልጁ አስተማሪ እናቱን አስጠርታ «ክፍል ውስጥ ልቡ የለም፤ ኢቭኹን ያስፈልገዋል» ብላ (ምርመራ ማለቷ ነው) ወረቀቱን ሰጥታታለች። ወረቀቱ ላይ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ፊት «በጭራሽ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «በጣም ብዙ ጊዜ» የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉ። አስተማሪዋ ስድስቱ ላይ «ብዙ ጊዜ» ብላለች። እናት አንዱም ላይ አላለችም። ልክ የቱ ነው?

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የሚጀምረው አንደኛው ወረቀት ብቻ ሲነበብ ነው።

ኤዲኤችዲ፣ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ኬሼቭ ቬሪኩዝ» የሚሉት፣ በደም ምርመራ አይታወቅም፤ በጭንቅላት ፎቶም አይታይም። ሐኪሙ የሚይዘው ምልክት ብቻ ነው። በዓለም ብዙ ቦታ የሚሠራበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ዲኤስኤም የሚባለው፣ አምስተኛው እትሙ በ2013 ወጥቷል (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምልክቶቹ 18 ናቸው። ዘጠኙ የትኩረት ናቸው፤ ዝርዝር ይስታል፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ ዕቃ ይጥላል፣ ሲያናግሩት የሚሰማ አይመስልም። ዘጠኙ የቅብጥብጥነትና የችኮላ ናቸው፤ ይቁነጠነጣል፣ ከወንበሩ ይነሳል፣ ተራ አይጠብቅም፣ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ከሁለቱ ጎራ በአንዱ ስድስት ምልክት ያለው ልጅ የመጀመሪያውን በር አልፏል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና ከሁለት አንዱን ይላል። ወይ «ስድስት ሞላ፣ አለበት» ይላል፤ ወይ «ላቦራቶሪ የማያውቀው በሽታ ምን በሽታ ነው» ብሎ ያጣጥላል። ሁለተኛው ክርክር ለእኔ ደካማ ነው። ማይግሬንም የሚታወቀው ሕመምተኛው በሚናገረው ነው፤ ማይግሬን የለም የሚል ግን አልሰማሁም።

ሐኪሞች «አስተማማኝ» ሲሉ ሁለት ነገር ይለያሉ። አንደኛው፣ ሁለት ሐኪሞች ሳይነጋገሩ አንድን ልጅ ቢያዩ ይስማማሉ ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የተስማሙበት ነገር እውነት ነው ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው መልካም ማስረጃ አለ። አምስተኛው መመሪያ ከመውጣቱ በፊት በተደረገው ሙከራ ሁለት ሐኪሞች በተለያየ ጊዜ ያንኑ ሰው እንዲመረምሩ ተደረገ። ስምምነቱ በአጋጣሚ ሊገኝ የሚችለው ተቀንሶ ከዜሮ እስከ አንድ ተለካ። የልጆች ኤዲኤችዲ 0.61 አገኘ። ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ የሚለው ከባድ ድብርት ያገኘው 0.28 ነው። ስለዚህ ኤዲኤችዲ የሐኪሙ ጠባይ የሚወስነው የዘፈቀደ ፍርድ ነው የሚሉ ሰዎች ከዚህ ቁጥር ጋር መከራከር አለባቸው።

ነገር ግን ያ 0.61 የተገኘው ጊዜ ወስደው ቤተሰቡን ባነጋገሩ፣ ልምድ ባላቸው ሐኪሞች ነው። ወረቀቱ ብቻውን ሲቀር ምን ይሆናል? በ2018 የማርጋሬት ሲብሊ ቡድን ያሳተመው ጥናት መልስ አለው። በልጅነታቸው ችግሩ ያልነበረባቸው ወጣቶች ካደጉ በኋላ በምልክት መጠይቅ ተጠየቁ፤ ከእነሱም ኤዲኤችዲ ያለባቸው የሚመስሉ ተገኙ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ደረጃ በደረጃ ጠየቁ፤ መቼ ጀመረ? በየት በየት ይታያል? ምን ጎዳ? አደንዛዥ ዕፅ ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም ያመጣው ቢሆንስ? ይህ ሁሉ ተጠይቆ ሲያበቃ በመጠይቁ ከተያዙት 95 በመቶ ያህሉ ወደቁ። ዝርዝሩ ወንፊት እንጂ ሚዛን አይደለም ማለት ነው።

መመሪያው ራሱ ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ከስድስቱ ምልክቶች ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያነበው ክፍል ያለው። ምልክቶቹ ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት አለባቸው። ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው (የ1994ቱ እትም ከ7 ዓመት በፊት ይል ነበር)። ከአንድ ቦታ በላይ መታየት አለባቸው። ኑሮውን ወይም ትምህርቱን በግልጽ የሚጎዱ መሆን አለባቸው። በሌላ ነገር የተሻለ የማይብራሩ መሆን አለባቸው። የምርመራው አስተማማኝነት ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። በተጨናነቀ ክሊኒክ መጀመሪያ የሚዘለሉትም እነዚሁ ናቸው፤ ምክንያቱም ሳጥን ላይ ምልክት በማድረግ አይመለሱም፣ ጨዋታ ይፈልጋሉ።

ወደ ሁለቱ ወረቀቶች እንመለስ። በ1987 ቶማስ አኸንባክና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ስለ አንድ ልጅ ጠባይ የተለያዩ ሰዎች ምን ያህል እንደሚስማሙ አሰሉ። እናትና አባት፣ ወይም ሁለት አስተማሪዎች፣ ማለት ልጁን በአንድ ዓይነት ቦታ የሚያዩ ሰዎች፣ 0.60 ተስማሙ። ወላጅና አስተማሪ ግን 0.28 ብቻ። የተለያየ ልጅ ያዩ ያህል ነው፤ በአንድ በኩልም እውነት ነው። ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ እና ከአያቱ ጋር እንጀራ የሚበላው ልጅ አንድ ጠባይ ይኑረው ያለ ማነው? ስለዚህ አለመስማማቱ ራሱ መረጃ ነው። ጥሩ ሐኪም ሁለቱን ቁጥር ደምሮ ለሁለት አያካፍልም፤ ለምን ተለያዩ ብሎ ይጠይቃል።

ከጎንደር በመጣ ቤት ውስጥ ደግሞ የመለያያ ምክንያት ብዙ ነው። «ሲያናግሩት የሚሰማ አይመስልም» የሚለውን ምልክት አስቡ። በእኛ አስተዳደግ ልጅ ታላቅ ሲያናግረው ዓይን ዓይኑን አያይም፤ አንገቱን ሰበር፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያ ጨዋነት ነው። እስራኤል ያደገች አስተማሪ ደግሞ ተማሪው ዓይኗን እያየ እንዲመልስላት፣ ካልገባውም እንዲከራከራት ትጠብቃለች። መሬት የሚያይ፣ ሲጠየቅ ቶሎ የማይመልስ ልጅ ለእሷ ልቡ የሸፈተ ነው። ሳጥኑ ይሞላል። በተቃራኒው በትኩረት በኩል እውነተኛ ችግር ያለበት ዝምተኛ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ቤት ውስጥ ምንም አታስከፋም። ፈዛዛ ብትባል ነው፤ «ረጋ ያለች ናት» ተብላም ልትመረቅ ትችላለች። እናቷ ከልቧ ነው «በጭራሽ» የምትለው። አንዱ ልማድ የሌለውን ምልክት ይፈጥራል፤ ያው ልማድ ያለውን ይደብቃል።

«ብዙ ጊዜ» የሚለውም ሳጥን ያለ ማወዳደሪያ አይሞላም። አስተማሪዋ የምታወዳድረው ከክፍሉ ልጆች ጋር ነው። እናት የምታወዳድረው ከወንድሞቹ፣ ወይም ሜዳ ለሜዳ ስትሮጥ ካደገችው ከራሷ ልጅነት ጋር ነው። ቅጹ ከማን ጋር ብሎ አይጠይቅም።

ሌላም ነገር አለ፤ ሐኪሞች ስለ እሱ ሲያወሩ ብዙም አይሰማም፤ ፍርሃት ነው። በ1996 መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደኖረ በጋዜጣ ተገለጠ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ወጥቶ ተቃወመ። በሰማንያዎቹ የመጡት አብዛኞቹ ጎረምሶች ከወላጅ ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ይህን የኖረ ቤተሰብ የመንግሥት ወረቀት ሲመጣለት «የምጽፈው ነገር ልጄን የት ያስገባዋል?» ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ልጇ ወደ ልዩ ትምህርት እንዳይገፋ የፈራች እናት ሁሉንም «በጭራሽ» ብትሞላ ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ተቋሙ መመስከሯ ነው። ወረቀቱ በዕብራይስጥ ሆኖ የሚያስተረጉመው ራሱ ልጁ ከሆነማ፣ ውጤቱን አለማንበብ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ልማድ ነው፣ ባህል ነው ሊባል ይችላል። ቀጥሎ ያለው ግን የቀን መቁጠሪያ ነገር ነው፤ በባህል አይመካኝም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የክፍል መለያው ቀን ዲሴምበር 31 ነው፤ በጃንዋሪ የተወለደው የክፍሉ ታላቅ፣ በዲሴምበር የተወለደው ታናሽ ይሆናል። በ2012 የታተመ ጥናት 937,943 ልጆችን ተከታተለ። በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ ኤዲኤችዲ የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ የሴቶቹ በ70 በመቶ። አሜሪካ ውስጥ መለያው ሴፕቴምበር 1 በሆነባቸው ግዛቶች የኦገስት ልጆች በ34 በመቶ በለጡ። በእስራኤልም ክላሊት በተባለው ቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) አባላት ላይ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት በክፍላቸው ታናናሽ የሆኑት እንደ ሪታሊን ያለውን የኤዲኤችዲ መድኃኒት ይበልጥ እንደሚያገኙ አሳይቷል። በሽታ የልደት ወር አይመርጥም። እዚያ የተለካው በከፊል ልጅነት ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሰባት ሊሞላው ከተቃረበ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ሲቁነጠነጥ።

አሁን ይህን ከኢትዮጵያ በመጡት ላይ አስቡት። ከገጠር ጎንደር የመጣ ሰው የልደት ቀን ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ በግምት ነበር፤ እናት «የዚያ ክረምት» ትላለች፣ ጸሐፊው ቁጥር ይጽፋል። በ2020 መጨረሻ በተጀመረው የ«ጹር እስራኤል» ዘመቻም ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ልጆች መጥተዋል። ወረቀቱ አንድ ዓመት ያሳደገው ልጅ ከታላላቆቹ ጋር ይቀመጣል፤ በዚያ ላይ ዕብራይስጡ ገና ነው። ከዲሴምበር ልጅ የባሰ ማለት ነው። እዚህ ዝርዝር ላይ ምንም ቁጥር የለኝም፤ የካናዳው ውጤት አንድ ዓመት የማይሞላ ልዩነት ያመጣው መሆኑን ካየሁ ግን ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የልጁን እውነተኛ ዕድሜ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል።

እስራኤል ይህን ዓይነት ስሕተት ከዚህ ቀደም በሌላ ፈተና አይታዋለች፤ ታሪኩ ከኤዲኤችዲ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን መናገር ይገባዋል። ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች የሥዕል እንቆቅልሽ ያለበት የማሰብ ችሎታ ፈተና ሲሰጣቸው ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ነበር። ሬውቨን ፎየርሽታይን የተባለው የኢየሩሳሌም የሥነ ልቦና ሊቅ ግን አንድ ጊዜ መፈተን ምንም አይነግርም የሚል ሰው ነበር፤ ፈትን፣ አስተምር፣ እንደገና ፈትን ይላል። እሱና ባልደረቦቹ በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ ኋላም ጹሪኤልና ካውፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 በአንደኛ ክፍል ልጆች ላይ በሠሩት፣ ልጆቹ አጭር ትምህርት ካገኙ በኋላ ውጤታቸው በእጅጉ ከፍ አለ፤ ከእስራኤል ተወላጆቹ ጋር የነበረውም ልዩነት አብዛኛው ጠበበ። ወረቀትና እርሳስ ለማያውቅ ልጅ የመጀመሪያው ፈተና የለካው እርሳሱን ነበር። ለትኩረትም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ ልጁ የገባውን ቋንቋ፣ የሚችለውን ሥራ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሰጥቶ ከዚያ ማየት። እዚያም ልቡ ካልተሰበሰበ ያ ከባድ መረጃ ነው።

የመጠይቁን ጉልበት ለማየት ኢትዮጵያም ሩቅ አይደለችም። በ2001 የታተመው የአምቦ ወረዳ ጥናት ወላጆችን በሰፊ የሥነ አእምሮ ቃለ መጠይቅ ጠይቆ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ልጆች 1.5 በመቶ አገኘ። በ2019 የታተመው የጊርጃ ወረዳ ጥናት ደግሞ 7.3 በመቶ አለ። ሁለቱም ኦሮሚያ ውስጥ ያሉ ወረዳዎች ናቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ ልጆች አምስት እጥፍ ቀዠቀዡ? አይመስለኝም። የብራዚሉ ጊልየርሜ ፖላንቺክ ቡድን በ2007 የዓለምን ጥናቶች ሲያሰባስብ አማካዩ 5.29 በመቶ ሆነ፤ በጥናቶች መካከል ያለውን ልዩነት በዋናነት ያመጣውም አህጉሩ ሳይሆን የአጠያየቁ ዘዴ ነበር። የትኛውን መመሪያ ተጠቀምክ? ማንን ጠየቅክ? ጉዳት መኖሩን አረጋገጥክ? ቁጥሩ የሚነሳውና የሚወርደው በእነዚህ ነው።

ታዲያ ምልክቱን ትተን መሣሪያ ብንይዝስ? በእስራኤል ክሊኒኮች ሁለት የኮምፒውተር ፈተናዎች የታወቁ ናቸው፤ ቶቫ እና እዚያው እስራኤል የተሠራው ሞክሶ። ቶቫ ልጁን 22 ደቂቃ ያህል አሰልቺ ምስል እያሳየ ቁልፍ ያስጫነዋል፤ ሞክሶ ትኩረት የሚሰርቁ ሥዕሎችና ድምፆች ይጨምርበታል። ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ያልተኛ ልጅም፣ የጨነቀው ልጅም ይወድቅባቸዋል፣ ኤዲኤችዲ ያለበትም አዲስ ነገር ሲሆንበት ሊያልፋቸው ይችላል። በአእምሮ ምስልም በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት ችግሩ ያለባቸውን 1,713 ሰዎች ከሌሎች 1,529 ጋር አወዳድሮ አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች በአማካይ በጥቂቱ አንሰው አገኘ። በዘረ መልም በ2023 ከችግሩ ጋር የተያያዙ 27 ቦታዎች ተለይተዋል። ይህ ኤዲኤችዲ ፈጠራ አለመሆኑን ያሳያል። የአንድን ልጅ ጭንቅላት አንስቶ «አለበት» ለማለት ግን አይበቃም፤ ልዩነቱ በሺህ ሰው አማካይ እንጂ በአንድ ሰው ላይ አይነበብም።

ሰፈር ውስጥ በብዛት የሚሰማው «ፈተና» ግን ሌላ ነው፤ «ሪታሊን ስጡት፣ ከረጋ አለበት ማለት ነው»። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተት መሆኑም ከ1978 ጀምሮ ይታወቃል። በዚያ ዓመት ጁዲት ራፖፖርት እና ባልደረቦቿ ምንም ችግር ለሌለባቸው 14 ወንዶች ልጆች የሪታሊን ዘመድ የሆነውን አምፌታሚን አንድ ጊዜ ሰጡ። እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ የትኩረት ውጤታቸው ተሻለ። መድኃኒቱ ጤነኛውንም ያረጋጋል። ውጤቱ ምርመራውን አያረጋግጥም።

ኤዲኤችዲ የሚመስሉ ነገሮች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ቶንሲሉ አብጦ ሌሊት የሚያንኮራፋ ልጅ ቀን ይቀዠቅዣል። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ «አይሰማም» ይባላል፣ እውነትም አይሰማም። ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑ ፍዝዝ የሚል ልጅ አንዳንዴ ያለበት የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። የብረት እጥረት፣ ጭንቀት፣ የቤት ጠብ አለ። ሃይፋ ውስጥ ደግሞ ጦርነት አለ። በ2006 ክረምት ሮኬት ወረደባት፤ በ2024 መኸር ሳይረን አላባራ አለ፤ በጁን 2025 የኢራን ሚሳኤል የባሕረ ሰላጤውን ነዳጅ ማጣሪያ መታ። በር ሲንኳኳ የሚዘል፣ ሌሊት የማይተኛ፣ ደብተር ላይ ልቡ የማያርፍ ልጅ ከ18ቱ ስድስቱን ያለ ችግር ይሞላል። «መቼ ጀመረ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ይህን ይለያል፤ ጥያቄውን ግን መጠየቅ ይፈልጋል።

እስካሁን ያልኩት ያለ አግባብ ስለሚፈረጁት ነው። አንባቢ «እንግዲያው የእኛን ልጆች ተዉአቸው» ቢል አልደግፈውም። በ2013 የፖል ሞርጋን ቡድን አሜሪካ ውስጥ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል 17,100 ልጆችን ተከታትሎ፣ ጥቁር ልጆች ከነጮች ይልቅ ኤዲኤችዲ የመባል ዕድላቸው በ69 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኘው፤ ጠባያቸውና የቤተሰባቸው ኑሮ ተመሳሳይ በነበረ ጊዜም እንኳን። ያው ቁንጥንጥነት በነጩ ልጅ ላይ ሲታይ ሐኪም ዘንድ ያስኬደዋል፤ በጥቁሩ ላይ ሲታይ ባለጌ ያሰኘዋል። ዓመታት ሲቀጣ የኖረ፣ ቀላል እርዳታ ግን ያጣ ልጅ ጉዳቱ በስሕተት ከተፈረጀው አያንስም፤ እኔ እንዲያውም ይብሳል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ያቺ እናት ክሊኒክ ስትገባ ምን ትያዝ? ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም አዋቂ ሰው ትጠይቅ፤ ብዙ ቦታ «መጋሸር» የሚባል ከማኅበረሰቡ የወጣ ሠራተኛ አለ፤ ልጇን አታስተርጉመው። አስተማሪዋ ብቻ ሳትሆን ሌላም አስተማሪ፣ የስፖርት አሠልጣኝም ቢሆን፣ ይጠየቅ። ጆሮና እንቅልፍ መጀመሪያ ይታይ። ልጁ ሕፃን ሳለ እንዴት እንደነበረ አያቱ ካለች አያቱ ትናገር፤ ከ12 ዓመት በፊት ስላለው ከእሷ የተሻለ ምስክር የለም። «ልጅዎ በአማርኛ ተረት ሲነገረው እስከ መጨረሻው ያዳምጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ካጋጠማት ጥሩ ሐኪም አጋጥሟታል።

ምርመራው «አለበት» ቢልም ፍርዱ የዕድሜ ልክ አይደለም። በ2022 ሲብሊና ባልደረቦቿ በልጅነታቸው ኤዲኤችዲ የተባሉ 558 ሰዎችን ለ16 ዓመት የተከታተለ ጥናት አሳተሙ። ችግሩ ሳይለዋወጥ እስከ መጨረሻው የቆየባቸው 11 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ጨርሶ ለቋቸው የቀረ 9 በመቶ። 64 በመቶው ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። በሰባት ዓመት የተጻፈ ኢቭኹን የ14 ዓመቱን ልጅ ላይገልጽ ይችላል ማለት ነው። የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መድኃኒቱ አሁንም ያስፈልገዋል ወይ ተብሎ እንዲገመገም ያዛል። ሐኪሙ በየዓመቱ የሐኪም ማዘዣውን ብቻ የሚያድስ ከሆነ ይህን ግምገማ መጠየቅ የወላጅ ፋንታ ነው።